ከክረምት በኋላ ጉልበት ለመመለስ ፒስታ ላይ ተወዳደሩ

የደብረ ብርሃን ብስክሌተኞች፣ ክረምቱ ወጣ፣ ብስክሌቱም ይውጣ! ብቻችሁን አስፋልት ላይ ከመልፋት፣ ከጓደኞች ጋር ፒስታ (ኮረኮንች መንገድ) ላይ ብትፎካከሩ አቅማችሁ ቶሎ ይመለሳል። ኮረኮንች እግር አያሳርፍም፤ ቁልቁለት ላይ እንኳ ክንድና ወገብ ይሠራሉ።

ከተማችን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ገና ከመነሻው አትፈትለኩ። የመንገዱን የመጀመሪያ ሲሶ እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ንዱ። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ።

የጎማውንም ንፋስ ለአስፋልት ከምትሞሉት ትንሽ አጉድሉት፤ ጠጠሩን ይይዛል፣ እጅም አይነዝርም። ከልክ በላይ ከጎደለ ግን ድንጋይ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይበሳዋል።

ኪሳችሁ ውስጥ የበሶ ጭብጦ ያዙ፣ ሳይርባችሁ ብሉ። ጓንትም አትርሱ፤ የጠዋቱ ቁር ጣት አደንዝዞ ፍሬን አያስይዝም።