አንድ ዕፅ ለድባቴም ለብግነትም ይሠራል ወይ? በአይጥ ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ

ድባቴና ብግነት ይገናኛሉ ማለት ድባቴ ሁሉ ከብግነት ይመጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን፣ የተለመደው መድኃኒት አልሠራ ያላቸውን 60 የድባቴ ታማሚዎች ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ብግነት የሚያፍነውን ኢንፍሊክሲማብ፣ ለሌላው ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ሰጠ። በጥቅሉ ሲታይ ልዩነት አልነበረም። የመሻል ምልክት የታየው ሲአርፒያቸው (የብግነትን ደረጃ የሚያሳየው የደም ፕሮቲን) በሊትር ደም ከ5 ሚ.ግ በላይ በሆነ ታማሚዎች ላይ ነው።

ይህ ለዕፅ ምርምር ትልቅ ትምህርት ነው። አብዛኛው የመመረቂያ ሥራ ብግነትን ለማየት የአይጥ እግር ያሳብጣል፣ ድባቴን ለማየት ሌሎች አይጦችን ያስዋኛል፣ ከዚያ "ዕፁ ሁለቱንም ቀንሷል፤ ስለዚህ ድባቴውን የቀነሰው ብግነቱን በማብረድ ነው" ብሎ ይደመድማል። ሁለቱ ፈተናዎች ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። ግንኙነቱ ራሱ የሚፈተነው ከታች «ሁለቱን የሚያገናኘው ሙከራ» በሚለው ክፍል ነው፤ የፊተኞቹ ወደዚያ ማድረሻ ናቸው። የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይያዝ አንዱም አይጀመርም።

ዕፁና ኤክስትራክቱ (ጭምቁ)

ዕፁን አበባ ወይም ፍሬ ይዞ ሳለ ይሰብስቡ፤ ቅጠል ብቻ ከሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ናሙናውን ተጭኖ ከደረቀ በኋላ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር) አስለይተው የመዝገብ ቁጥር ያውጡለት። የአገር ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱ ስም ከወረዳ ወረዳ ሌላ ተክል ይጠራበታል። ዘመድ ተክልም ምትክ አይሆንም። አውሮፓ ውስጥ ለድባቴ የሚሰጠው ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ነው፤ የእኛው አሜጃ ሃይፐሪከም ሬቮሉተም ነው። ወገናቸው አንድ ቢሆንም የአንዱን ውጤት ለሌላው ማውረስ አይቻልም።

የሚደርቀው በጥላ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን በብርሃንና በኦክሲጅን የሚበላሹ ንጥረ ነገሮችን ያጠፋል፤ የሃይፐሪከሙ ሃይፐርፎሪን አንዱ ነው።

500 ግራም ዱቄት በ2.5 ሊትር 80% ሜታኖል ይዘፍዝፉ። 72 ሰዓት ይቆይ፣ አልፎ አልፎ ይነቅንቁት። በነጠላ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጥልለው ዝቃጩን በአዲስ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከ40 ዲግሪ ሳያልፉ ያትንኑ፤ የቀረውን ውኃ ላዮፊላይዘር (አቀዝቅዞ ማድረቂያ) ይጨርሰዋል። "ሽታው ጠፍቷል" ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛን አንድ ዓይነት እስኪሆን መድረቅ አለበት። የቀረ ሜታኖል አይጡን ያደክማል፣ ድካሙም በኋላ የዕፁ ውጤት ተደርጎ ይጻፋል። ሕዝቡ ዕፁን በውኃ አፍልቶ የሚጠጣው ከሆነ ደግሞ የውኃ ኤክስትራክት ጎን ለጎን ይዘጋጅ። አለዚያ የተፈተነው ሰው የሚጠጣው ነገር አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልገውን መጠን ያስሉ። በቡድን 6 አይጥ፣ እያንዳንዱ 25 ግራም፣ በኪሎ 100፣ 200 እና 400 ሚ.ግ ቢሰጥ ለሦስቱ ቡድኖች በቀን 105 ሚ.ግ ይሄዳል፤ ለ14 ቀን 1.5 ግራም ገደማ። ይህ ለአንድ ሙከራ ነው። በመሀል አልቆ ሁለተኛ ዙር መልቀም ሲመጣ ወቅቱ ተለውጧል፣ ኤክስትራክቱም የቀድሞው አይደለም። ለሁሉም ሙከራ የሚበቃው አንዴ ተዘጋጅቶ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ፣ በፍሪዘር ይቀመጥ።

መርዛማነትና መጠን

በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የመርዛማነት ፈተና መመሪያ 425 መሠረት ያላረገዘች ሴት አይጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ምግብ ተከልክላ (ውኃ አይከለከልም) በኪሎ 2000 ሚ.ግ በአፍ ትሰጣለች። ከዳነች አራት ይጨመራሉ። የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ከዓይን አይለዩም፣ እስከ 4 ሰዓት በቅርብ ይታያሉ፣ ከዚያ በየቀኑ እስከ 14 ቀን። ሞት ከሌለ የተለመደው ምርጫ የዚህ መጠን አንድ ሃያኛ፣ አንድ አሥረኛና አንድ አምስተኛ ነው፤ 100፣ 200 እና 400 የሚመጡት ከዚህ ነው።

የሚሰጠው ፈሳሽ በኪሎ 10 ሚ.ሊ ይሁን። 25 ግራም ለሆነ አይጥ 0.25 ሚ.ሊ ነው፤ ለ200 ሚ.ግ በኪሎ ደግሞ ድብልቁ በሚ.ሊ 20 ሚ.ግ ይሆናል። ለማሟሚያ 2% ትዊን 80 ይበቃል። ዲኤምኤስኦ የተባለውን ማሟሚያ አይጠቀሙ፤ ራሱ ብግነት ስለሚቀንስ ኮንትሮሉን (ዕፅ ያልተሰጠውን ማወዳደሪያ ቡድን) ያበላሻል።

የእግር እብጠት

100 ሚ.ግ ካራጂናን (እብጠት ቀስቃሽ ዱቄት) በ10 ሚ.ሊ ኖርማል ሳላይን ይሟሟል። በአንዴ ካፈሰሱት ይጓጉላል፤ እያማሰሉ ቀስ በቀስ ይነስንሱት። ኤክስትራክቱ ከተሰጠ 1 ሰዓት በኋላ 0.05 ሚ.ሊ በግራ የኋላ እግር መርገጫ ቆዳ ሥር ይወጋል። ማወዳደሪያው ፕሮስታግላንዲንን የሚቀንሰው የብግነት መድኃኒት ኢንዶሜታሲን በኪሎ 10 ሚ.ግ ነው።

የመለኪያው ስህተት በአብዛኛው ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ መርፌው ቶሎ ሲነቀል ካራጂናኑ ተመልሶ ይፈሳል፤ ጥቂት ሴኮንድ ይዘው ይንቀሉት። ሁለተኛ፣ እግሩ ፕሌቲስሞሜትሩ (የእግር እብጠት መለኪያው) ውስጥ አንዴ ጠለቅ አንዴ ከፍ ብሎ ይገባል። ከመጀመሩ በፊት ቁርጭምጭሚቱ ላይ በማይለቅ ማርከር መሥመር ያስምሩ፤ ሁልጊዜ እስከ መሥመሩ ብቻ ይግባ፣ ሁልጊዜም አንድ ሰው ይለካ። ልኬቱ ከመወጋቱ በፊት፣ ቀጥሎ በ1፣ 2፣ 3 እና 4 ሰዓት ነው። በኮንትሮሉ እብጠቱ በ0.20 ሚ.ሊ ጨምሮ በተፈተነው ቡድን 0.12 ቢሆን እብጠቱ በ40% ተገትቷል ማለት ነው።

የሰዓቱ ነገር ትርጉም አለው። እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ያለውን እብጠት በብዛት የሚነዱት ሂስታሚን፣ ሴሮቶኒንና ብራዲካይኒን ናቸው፤ ከሦስተኛው ሰዓት ወዲያ ፕሮስታግላንዲን ይበረታል። ዕፁ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ሠርቶ በአራተኛው ካልታየ "እንደ ኢንዶሜታሲን ይሠራል" ብሎ መጻፍ አይቻልም።

የማስዋኘትና በጅራት የማንጠልጠል ፈተና

በፖርሶልት ስም የሚታወቀው የማስዋኘት ፈተና ለትንሿ አይጥ 6 ደቂቃ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ፣ ጥልቀቱ ጅራት ታች እንዳይነካ 15 ሳ.ሜ ያህል። የመጀመሪያው 2 ደቂቃ አይቆጠርም፤ በቀሪው 4 ደቂቃ አይጧ ሳትታገል የተንሳፈፈችበት ሴኮንድ ይደመራል። ውኃው ለእያንዳንዷ ይለወጥ። የሰመጠች ወዲያው ትወጣለች፤ የጨረሰችውም በፎጣ ደርቃ ሙቀት ሥር ትቆያለች። በጅራት ሲንጠለጠሉ ደግሞ ፕላስተሩ ከጅራቱ ጫፍ 1 ሳ.ሜ ላይ ይለጠፋል፣ ጊዜው ያው 6 ደቂቃ ነው፤ ጅራቷን ይዛ የወጣች አይጥ ከስሌት ትወጣለች። ሁለቱም በቪዲዮ ተቀርጸው የትኛው ቡድን የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይቁጠራቸው። ቆጣሪው ካወቀ ቁጥሩ ወደ ተመኘው ያዘነብላል።

እነዚህ ፈተናዎች ድባቴን አይለኩም፤ የሚለኩት አይጧ ስንት ሴኮንድ ሳትንቀሳቀስ እንደቆየች ነው። የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን ሰው ላይ ሳምንታት ሲፈጅ እዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ "ይሠራል"። የሚያነቃቃ ነገር ሁሉም አለመንቀሳቀስን ያሳጥራል። ካፌይን ያሳጥረዋል፣ አምፌታሚን ያሳጥረዋል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ማንም ግን ጫትን የድባቴ መድኃኒት አይለውም። በተቃራኒው እንደ ግዛዋ ሥር የማረጋጋት ጠባይ ያለው ዕፅ ከፍ ባለ መጠን አይጧን አቀዝቅዞ የማይሠራ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ በዚያው መጠንና ሰዓት የክፍት ሜዳ ፈተና (አይጧ መሥመር በተሰመረበት ሣጥን ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ መቁጠር) ይደረግ፤ የተሻገረችው መሥመር ከኮንትሮሉ በግልጽ ከበዛ ወይም ካነሰ የማስዋኘቱ ውጤት ብቻውን አይታመንም።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሙከራ

ኤልፒኤስ ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚወጣ ብግነት ቀስቃሽ ነው። በኪሎ 0.83 ሚ.ግ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲወጋ አይጧ በሰዓታት ውስጥ ትታመማለች፦ ትኮማተራለች፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ መብላት ትተዋለች። በ24 ሰዓት አካባቢ እንቅስቃሴዋ ይመለሳል፣ በጅራት ስትንጠለጠል ግን ከጤነኞቹ ይልቅ ቶሎ ተስፋ ትቆርጣለች። የምንፈልገው ይህንን መስኮት ነው። በ6 ሰዓት የፈተነ ሰው የለካው ሕመም ነው።

ኤክስትራክቱ ለ7 ወይም ለ14 ቀን ይሰጥ፣ በመጨረሻው ቀን ኤልፒኤስ ይወጋ። በማግስቱ መጀመሪያ ክፍት ሜዳ፣ ቀጥሎ በጅራት ማንጠልጠል። ቡድኖቹ፦ ማሟሚያ ብቻ፣ ኤልፒኤስ ከማሟሚያ ጋር፣ ኤልፒኤስ ከፍሉኦክሴቲን ጋር፣ ኤልፒኤስ ከሦስቱ መጠኖች ጋር፣ በመጨረሻም ኤክስትራክት ያለ ኤልፒኤስ። ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ የሚዘልሉት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ጥያቄውን የሚመልሰው ግን እሱ ነው። ዕፁ ጤነኛዋንም አይጥ እኩል ካነቃት በብግነት በኩል ነው የሚለው ይወድቃል፤ ኤልፒኤስ የተወጋችውን ብቻ ከመለሳት ግምቱ ይበረታል። ስሌቱም ኤልፒኤስና ኤክስትራክቱን እንደ ሁለት ተለዋዋጭ የሚያይ ሁለት አቅጣጫ አኖቫ (የቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድር የስታቲስቲክስ ስሌት) ይሁን።

ደስታ ማጣትን ለማየት 1% ስኳር ያለበትና ባዶ ውኃ ያለበት ሁለት ጠርሙስ ይቀርባል። ቦታቸው ይቀያየር፣ አይጦች አንድ ጎን ይለምዳሉና። የታመመች አይጥ በጠቅላላው የምትጠጣው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚታየው ከጠጣችው ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ነው። አይጥ በሌለበት ሣጥን ላይ ተመሳሳይ ጠርሙስ ሰቅለው የሚንጠባጠበውን ይቀንሱ።

ደም ለመውሰድ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። የብግነት መልእክተኛው ቲኤንኤፍ አልፋ በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ኤልፒኤስ ከተወጋ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ነው። ከባህሪ ፈተናው በኋላ በ24 ሰዓት የተወሰደ ደም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅ ይመልሳል፣ የመለኪያ ኪቱም ውድ ነው። ለደም የሚሆኑ አይጦች ለብቻ ይመደቡ።

ቁጥሩን ወደ ሰው ማምጣት

በአይጥ በኪሎ የተሰጠውን በ37 ማካፈል፣ በ3 ማባዛት (37 የሰው፣ 3 የአይጥ የመጠን መቀየሪያ ቁጥር ነው)። 400 ሚ.ግ በኪሎ ለሰው 32 ሚ.ግ በኪሎ ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 1.9 ግራም ኤክስትራክት። ከ100 ግራም ዱቄት 10 ግራም ኤክስትራክት ከወጣ፣ ይህ በቀን 19 ግራም ደረቅ ዕፅ ነው። ውጤት የታየው በ400 ብቻ ከሆነ ይህ ስሌት በውይይት ክፍሉ ውስጥ በግልጽ ይቀመጥ።

ተስፋ የሰጠ ዕፅ ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት በጉበት ኢንዛይሞች ላይ የሚያደርገው ይፈተሽ። ሃይፐሪከም ፐርፎራተም በመጠነኛና መካከለኛ ድባቴ ላይ ከፕላሴቦ ተሽሏል፤ ነገር ግን ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን መድኃኒት የሚሰባብር የጉበት ኢንዛይም ስለሚያነቃቃ የእርግዝና መከላከያን፣ የተተከለ አካል እንዳይገፋ የሚሰጠውን ሳይክሎስፖሪንንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ከደም ያሳንሳል፤ ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ሊያበዛ ይችላል። ይህ የታወቀው ሰዎች ለዓመታት ከወሰዱት በኋላ ነው።