የፊት ፒኞን ዳዶ እየላላ ላስቸገራችሁ

የሞተር ሳይክሌ ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረው የፊት ትንሽ ጥርስ) ዳዶ በአራት ቀን ሁለቴ ላላ። ነዳጅ ስሰጥና ስለቅ ግራ እግሬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

መጀመሪያ ማርሽ አስገብቼ ላጠብቀው ሞከርኩ፤ ጎማው አብሮ ዞረ። በመሮና በመዶሻ መታሁት፤ ዳዶውን ከማበላሸት በቀር ምንም አልፈየደም። ማጣበቂያም ቅባት ላይ ስለቀባሁት አልያዘም።

የሠራው ይኸው፦ አሮጌውን የሚታጠፍ ሮንዴላ (ጠርዙ ታጥፎ ዳዶው እንዳይዞር የሚይዝ ስስ ቀለበት) ጣልኩ፣ ታጥፎ የተቃና ብረት ይሰበራላ። ዳዶው የሚገባበትን የዘንግ ጥርስ በቤንዚን አጥቤ አደረቅሁ። አዲስ ሮንዴላና ዳዶ አስገብቼ ካቴናውን መለስኩ። ጓደኛዬ የኋላ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ ያዘልኝ፤ እኔ በ32 ቁጥር ቡሽና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ) መመሪያው ባለው 110 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁ (የእናንተን ከራሳችሁ መመሪያ እዩ)። ሮንዴላውን ዳዶው ጠፍጣፋ ጎን ላይ ያጠፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። የዳዶው ጎን ከሮንዴላው ካልገጠመ ጥቂት አጥብቁት እንጂ አታላሉት።

600 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ ንቅንቅ አላለም።