ስለ ሜዳ ጥቅም ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

በራስ ሜዳ መጫወት ይጠቅማል። ይህን የሚክድ የኳስ ወዳጅ ብዙም የለም። ክርክሩ የሚበላሸው ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደሚመጣ ስናወራ ነው።

በአንድ ጨዋታ መደምደም

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ረቱ። ባለሜዳ እኛ ነበርን። የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት አላሟሉማ! «ታዲያ የራስ ሜዳ ምን ያደርጋል?» ለማለት ይመቻል። ግን ያን ዕለት ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም። በአንድ ጨዋታ ብዙ ነገር ይደራረባል። የሜዳ ጥቅም የሚታየው በመቶ የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ሲደመሩ ነው።

ጩኸቱ ተጫዋቹን ብቻ ይነካል ብሎ ማሰብ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጩኸቱ ዳኛውም ጆሮ ይገባል። በስፔን ላሊጋ ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ባለሜዳው በአንድ ጎል እየተመራ 90 ደቂቃው ሲሞላ፣ ዳኞቹ ረዘም ያለ ጭማሪ ሰዓት ይሰጡ ነበር። ባለሜዳው በአንድ ጎል እየመራ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይጨርሱታል። ይህ ጉቦ አይደለም፤ ዳኛው ራሱ ላያውቀው ይችላል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየጮኸብህ የመጨረሻውን ፊሽካ መንፋት ከባድ ነው። ስለዚህ ዳኛ በተሳሳተ ቁጥር «ተገዝቷል» ማለቱን ብንተው ደስ ይለኛል።

ባዶው ስታዲየም ያሳየንን መርሳት

እ.ኤ.አ. በ2020/21 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ከሞላ ጎደል ያለ ተመልካች ተካሄደ። ከ380 ጨዋታዎች ባለሜዳዎች 144፣ እንግዶች 153 አሸነፉ። ሣሩ ያው፣ መልበሻ ክፍሉም ያው ነው። የጎደለው ሕዝቡ ነው። ሊቨርፑል በሜዳው አንፊልድ ላይ 68 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት በሜዳው በተከታታይ 6 ጊዜ ተረታ። ተከላካዮቹ በጉዳት ማለቃቸውም ግን አይረሳ።

ሁሉንም ለደጋፊ መስጠት

የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ማራዶና ያሠለጥነው የነበረው የአርጀንቲና ቡድን፣ ሜሲን ይዞ፣ እዚያ 6 ለ 1 ተሸንፏል። አየሩ ለለመደው ባለሜዳ ያግዛል፤ ከቆላ የመጣው ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስሙን አይቶ ባለሜዳ ማለት

የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የተካሄደው ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ነው። አዳማ ላይ ሁለት የሌላ ከተማ ቡድኖች ሲገናኙ፣ ከፊት የተጻፈው ባለሜዳ የሚባለው በወረቀት ብቻ ነው። ቤቲንግ ሲቆርጡ ይህን ሳያዩ «በሜዳው ነው» የሚሉ ልጆች ያሳዝኑኛል።