የጁሪ ጥሪ ሲደርሳችሁ

ቨርጂኒያ ውስጥ የማታ ሺፍት የምትሠሩ ወገኖች፣ ይህቺን ልብ በሉ። ለጁሪ፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው ፍርድ ቤት ውስጥ በክስ ላይ ውሳኔ ከሚሰጡት ሰዎች አንዱ እንድትሆኑ፣ ተጠርታችሁ ፍርድ ቤት በመሄዳችሁ አሠሪያችሁ ሊያባርራችሁ አይችልም። የሕመም ወይም የዓመት ፈቃዳችሁን ተጠቀሙ ብሎ ማስገደድም አይፈቀድለትም። ቀድማችሁ ግን ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ፎቶ አንስታችሁ ለአለቃችሁ ላኩለት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። መንገዱን ጨምሮ በቀን 4 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለጁሪ ካዋላችሁ፣ በዚያው ቀን ከ5 ፒኤም ጀምሮ ወይም በማግስቱ ከ3 ኤኤም በፊት የሚጀምር ሺፍት ግቡ ልትባሉ አይገባም። ቀኑን ፍርድ ቤት ውሎ ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲሠሩ ማደር ሰው አይችለውም፤ ሕጉ ይህን ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

ደመወዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ የግል አሠሪ ለጁሪ ቀን እንዲከፍል አያስገድድም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ ጠይቁ። ከፍርድ ቤት ስትወጡም መገኘታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ሳትይዙ እንዳትመጡ።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁም ብትሆኑ ጥሪውን ችላ አትበሉ። ጁሪ መሆን የሚችለው ዜጋ ብቻ ስለሆነ፣ ዜጋ አለመሆናችሁን ከጥሪው ጋር የመጣው ቅጽ ላይ ሞልታችሁ መልሱ። ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ክፉኛ ያበላሸዋል።