በአያት ቤት የተገኘን ምንነቱ ያልታወቀ የብረት ዕቃ እንዴት መለየት ይቻላል

አያቴ ካረፉ በኋላ በሰሜን ሸዋ ገጠር ያለውን ቤታቸውን ስናጸዳ፣ ከጋጣው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ አንድ የዛገ ቀለበት ወጣ። ለእጅ አምባር ይጠባል፤ ለጣት ይሰፋል። በአናቱ ላይ ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለው። አንዱ የበር ማንጠልጠያ ነው አለ፤ ሌላው የቀንበር ዕቃ ነው ብሎ ማለ። እኔ ደግሞ ሳላውቀው ልጥለው አልፈለግሁም። እንዲህ ያለ ነገር ከእጃችሁ ሲገባ የሚከተለውን ሞክሩ።

1. ከመንካታችሁ በፊት እዩ

ሀገራችን ብዙ ጦርነት አልፎባታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጀምሮ እስከ ቅርቡ ዘመን ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በእርሻና በቤት ሥር ቀርቷል። ዕቃው እንደ እንቁላል ወይም እንደ ጠርሙስ የሞላለ ከሆነ፣ ጭራ ላይ ክንፍ ካለው፣ ወይም የጥይት ቀለህ ከነእርሳሱ ከሆነ አታንሱት፤ አታንኳኩት፤ ወደ እሳትም አታቅርቡት። ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ ሕፃናትን አርቁና ለፖሊስ አሳውቁ። መዛጉ ፈንጂነቱን አያጠፋውም።

2. የወጣበትን ስፍራ መዝግቡ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የምስጢሩ ግማሽ ግን እዚህ ነው። ከጋጣ የወጣ ዕቃ ከከብትና ከጋማ እንስሳ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከምድጃ አጠገብ፣ ከቆጥ፣ ከመደብ ሥር ወይም ከጎተራ የወጣው ሌላ ታሪክ አለው። ከቦታው ሳታነሱ ፎቶግራፍ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም የክብሪት ቀፎ አስቀምጡ።

3. አታጽዱት

እናቶቻችን ብረት ሲያዩ እጃቸው ወደ አመድና ሎሚ ይሄዳል። እባካችሁ አስቁሟቸው። ዝገቱ ላይ የተጣበቀ የቆዳ ቁራጭ፣ የክር ጫፍ ወይም የእንጨት ጭረት የዕቃውን ሥራ ሊነግረን ይችላል፤ አንዴ ከተፈተገ ግን አይመለስም። አፈሩን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ።

4. ከምን እንደተሠራ ለዩ

ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ከሳበው በውስጡ ብረት አለ። ካልሳበው ቀለሙን ተመልከቱ፦ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ሽፋን የመዳብና የነሐስ ምልክት ነው፤ ጥቁረት ብርን ያስጠረጥራል፤ ግራጫ ሆኖ በጥፍር የሚጫር ከሆነ እርሳስ ሊሆን ይችላል። እርሳስ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

መስቀል ወይም አምባር ብር ይሁን ነሐስ ለመለየት ሚዛንና ውኃ ይረዳል። ዕቃውን በግራም መዝኑ። ብርጭቆ እስከ አፉ ውኃ ሙሉና በክር አንጠልጥላችሁ አጥልቁት፤ የፈሰሰውን ውኃ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ። ክብደቱን በፈሰሰው ሚሊ ሊትር አካፍሉ። ከ8.4 እስከ 8.7 አካባቢ ከወጣ ነሐስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 10.5 ከተጠጋ ብር ነው ማለት ይቻላል፤ 11.3 እርሳስ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም አፈር የያዘ ዕቃ ግን ስሌቱን ያሳስታል። የዛገ ብረትን ደግሞ ውኃ ውስጥ አትንከሩት።

ያገኛችሁት ትልቅ ክብ ሳንቲም ከሆነና የሴት መልክ ካለበት የማርያ ቴሬዛ ብር ይሆናል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። በላዩ ላይ 1780 የሚል ቁጥር ስላያችሁ ያን ያህል አሮጌ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ በዚያው ዓመተ ምሕረት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲታተም ኖሯል።

5. የባለ እጅ ሥራ ነው ወይስ የፋብሪካ?

የብሎን ጥርስ፣ የተቀረጸ ቁጥርና ፊደል፣ ወጥ የሆነ ውፍረት ፋብሪካን ያመለክታሉ። የመዶሻ ጠባሳ፣ አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው መቅጠኑ፣ በእሳት የተጋጠመ ስፌት ደግሞ የባለ እጅ ናቸው። ማረሻ ወይም ማጭድ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከሆነ መኪና ወደ አካባቢው ከገባ በኋላ የተሠራ ነውና ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። ከማረሻው ጋር ድግሩን (በግራና ቀኙ ያሉትን እንጨቶች) አጥብቆ የሚይዘው ወገልም ብቻውን ሲገኝ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ የገበሬ ልጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

6. የተበላውን ቦታ ፈልጉ

እኔ እዚህ ላይ ነው ብርሃን ያየሁት። ዕቃ ያገለገለበት ቦታ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል። የኔ ቀለበት በአናቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ በላይኛው ጠርዝ ብቻ ተበልቷል። እንግዲህ በጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክብደቱም ወደ ታች ይጎትት ነበር። ምስማር ቢሆን ኖሮ ጠባብ ነጥብ ላይ ነበር የሚበላው። የቀለበቱ ውስጠኛ ታችም ለስልሷል፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ እንደሚሆነው ግን አልተፋቀም። የነካው ለስላሳ ነገር ነው።

7. ለሽማግሌ በእጅ ስጡ

«ይህ የፈረስ ዕቃ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ትልቅ ሰው እንዳያሳፍራችሁ ሲል «ይሆናል ልጄ» ሊላችሁ ይችላል። ዝም ብላችሁ በእጃቸው አስይዟቸውና እጃቸው የሚያደርገውን ተመልከቱ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤታችን ቀለበቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና አውራ ጣታቸውን አስገቡበት። «እርካብ ነው እኮ ልጄ። እግርህን በሙሉ ልታስገባ ፈልገህ ነው?» አሉኝ። የድሮ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው ሲቀመጡ እርካቡን የሚይዙት በአውራ ጣታቸው እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። የጠፍሩ ቀዳዳም፣ ለስላሳው ታችም ቦታቸውን ያዙ።

8. ዕድሜው ከገፋ አትሽጡት

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይውል ሳያድር እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም እንደ ነበረ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ወደ ወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፎቶግራፉንና የቦታውን ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። ለማነጻጸር ደግሞ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥሩ ቦታ ነው።

ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ «እርካብ ብቻውን አይሆንም፤ ጥንዱን ፈልግ» አሉኝ። ተመልሼ ጋጣውን ስፈትሽ፣ ሁለተኛው ከምሰሶው ላይ ተቸንክሮ አገኘሁት፤ ስንት ዘመን ጥጃ ሲታሰርበት ኖሯል።