ሥራው ያዋጣል? በትንሽ ደሞዝ ስንቀጠር የምንሠራቸው የሒሳብ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አዲስ ሥራ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደሞዙ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። «ስንት ይተርፍሃል?» የሚለው የለም። ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነው። መርካቶ ሱቅ ሽጡ፣ ሆቴል አስተናግዱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ገብታችሁ ስፌት ላይ ተቀመጡ፣ ደሞዙ ትንሽ ከሆነ ሥራውን የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው የመቶና የሁለት መቶ ብር ልዩነት ነው።

ከታች የምጠቅሳቸው የሞግዚት፣ የምሳና የትራንስፖርት ዋጋዎች ለማሳያ ያህል ናቸው። በእነሱ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ። የግብሩና የጡረታው ስሌት ግን የሕግ ነው።

የተነገረንን ደሞዝ ኪስ እንደሚገባ ማሰብ

ቀጣሪ «4,500 ብር» ሲል ያልተጣራውን ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይከፈልበታል። በ4,500 ብር ላይ ግብሩ 400 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፣ 315 ብር። እጅ የሚገባው 3,785 ብር።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉት ነገር አለ። ለልጅ ተብሎ የሚቀነስ ግብር የለም። ላጤውም፣ የአራት ልጆች እናትም ደሞዛቸው 4,500 ከሆነ ይዘው የሚገቡት ያው 3,785 ነው። በአንዳንድ አገሮች ልጅ ያለው ዝቅተኛ ተከፋይ ከመንግሥት ድጎማ ያገኛል፤ ደሞዙ ሲያድግ ድጎማው ይቀነስበታል። እዚያ «መሥራት አያዋጣም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ጋ ለደሞዝተኛ ወላጅ እንዲህ ያለ ድጎማ ስለሌለ ጣጣው ያለው ወጪው ላይ ነው።

«ደሞዝ ከተጨመረልኝ ግብር ይበላኛል» ማለት

ፈርኒቸር ቤት የሚሠራ አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ባለቤቱ ደሞዙን ከ4,000 ወደ 4,200 ሊያሳድግለት ሲል «ጋሼ ይቅርብኝ፣ 20 በመቶ ውስጥ ልገባ ነው» ብሎ መለሰ። ጨዋታውን ሲነግረኝ ብልጥ የሆነ መስሎት ነበር። ደብተር አወጣንና ሠራነው።

4,000 ሲያገኝ ግብሩ 300፣ ጡረታው 280፣ የሚደርሰው 3,420። 4,200 ሲያገኝ ግብሩ 340፣ ጡረታው 294፣ የሚደርሰው 3,566። ሃያ በመቶው የተቆረጠው ከተጨመረችው 200 ብር ላይ ብቻ ነው። የታችኛው 4,000 በቀድሞው ሒሳብ ነው የሚሄደው። ደብተሩን ትንሽ አየና «እና 146 ብር በየወሩ ልተውለት ነበር?» አለኝ። አዎ፣ ልትተውለት ነበር።

ለዚህ ስህተት የደሞዝ ሠሪዎችም እጅ አለበት። ፔይሮል ላይ የሚጠቀሙበት አጭር መንገድ አላቸው፤ ሙሉውን ደሞዝ በ20 በመቶ ያባዙና 500 ይቀንሳሉ። ውጤቱ ትክክል ነው። ግን ያቺ 500 በታችኛው 4,000 ላይ በትርፍ የተሰላው ግብር መመለሻ እንደሆነች ለሠራተኛው የሚያስረዳ የለም። እሱ የሚያየው «20 በመቶ» የምትለዋን ብቻ ነው። ግብር ስለጨመረ ብቻ የተጣራው ደሞዝ የሚቀንስበት እርከን የለም። ጭማሪ ከተሰጣችሁ ተቀበሉ።

የሞግዚቱን ወጪ እናትየዋ ላይ መለጠፍ

እንደኔ እንደኔ በዚህ ከተማ ብዙ ሴት ቤት ያስቀረው ሒሳብ ይኼ ነው።

ባል የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሚስት ሱቅ ልትቀጠር ነው፤ ሲጣራ 3,785 ብር ይደርሳታል። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻቸው። ጎረቤት ያሉት እትዬ «በወር 2,000 ስጡኝና እኔ እይዛታለሁ» አሉ። ማታ ቁጭ ብለው ያሰላሉ። «ከአንቺ ደሞዝ ላይ 2,000 ወጥቶ፣ የመንገድሽ ወጥቶ፣ ምን ይተርፍሻል? ተይው ባክሽ።» ተወችው።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከ1,785 ብር ላይ የመንገዱ ሲቀነስ ሺህ ብር ገደማ ነው የሚተርፈው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ የባልየው ገቢ የዕለት ነው። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የዋለ ቀን ለባጃጁ ባለቤት የሚሰጠውን ገቢ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ባጃጁ ጋራዥ ከገባ ደግሞ ሳምንቱ ባዶ ነው። የእሷ ደሞዝ በወሩ መጨረሻ የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እርግጠኛ የሆነች ሺህ ብር አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይቀራል ከሚባል ሦስት ሺህ ትበልጣለች። የሱቁ ዱቤ ሲከማች የሚከፈለው በእሷ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞግዚት የዘላለም ወጪ አይደለችም። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት ኬጂ ትገባለች፤ ወጪው መልኩን ይቀይራል። ሥራውን የተወችው እናት ግን ያን ጊዜ ተመልሳ ስትፈልግ የሚጠብቃት ያው የጀማሪ ደሞዝ ነው። ሱቅ ውስጥ የቆየችዋ ጓደኛዋ በዚያ ጊዜ ሒሳብ ያዥ ሆና ልትጠብቃት ትችላለች። የዚህን ወር ብቻ የሚያይ ሒሳብ ይኼን አያሳይም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ትንሽ ያስቸግራል፤ የቤት ጉዳይ ነውና። ልጅቷ የሁለቱም ናት። ሞግዚት የምትቀጠረው እሱም ጠዋት ባጃጁን አስነስቶ እንዲወጣ ነው። ከእሱ ገቢ ላይ ተቀንሶ «ታዲያ ምን ይተርፍሃል?» የተባለበት ቤት እስካሁን አላየሁም።

«እናቴ ትይዘዋለች፣ ነፃ ነው» የሚሉም አሉ። ነፃ አይደለም። እናት ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ሲመጡ የሚበሉት፣ መድኃኒታቸው፣ ለበዓል ሲመለሱ የሚያዝላቸው ነገር አለ። እዚያም ጥለውት የሚመጡት የጓሮ ሥራና ገበያ አለ። ከሞግዚት ይሻላል፣ እሱስ ልክ ነው። ግን ወጪው ዜሮ ተብሎ አይጻፍ።

ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ልጁ ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ እናት የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ያለው አምስት ሰዓት የማን ነው? ይኼ ሳይታሰብ ሥራ ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት የሚለቀቀው ብዙ ነው።

የማያዋጣበት ጊዜም አለ። ብቻዋን የምታሳድግ እናት 3,500 ብር ብትቀጠር የሚደርሳት 3,030 ነው። 2,000 ለሞግዚት፣ 600 ለመንገድ፣ ቀሪው 430 ብር። ኪራይ ገና አልተነካም። «ሥራ ክቡር ነው» ብሎ የሚመክራት ሰው ኪራዩን ካልከፈለላት ዝም ቢል ይሻላል። ለእሷ የሚያዋጣው የልጁን ነገር መጀመሪያ መፍታት ነው። አንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች ሺፍታቸውን አለያይተው ልጆቻቸውን ሲቀያየሩ አይቻለሁ፤ ከሁሉም የሠራው እሱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሕፃናት ማቆያ እንዳለው ይጠየቅ። ወይም ደሞዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም በእግር የሚደረስ፣ ግማሽ ቀን የሆነ ሥራ ይፈለግ።

ሥራው ራሱ የሚበላውን መርሳት

ባጃጅ ለአንድ ጉዞ 15 ብር ቢሆን፣ ደርሶ መልስ በ26 የሥራ ቀን 780 ብር ይሆናል። ምሳ በቀን 80 ብር ብትበሉ 2,080። ሁለቱ ብቻ ከ3,785 ላይ ከግማሽ በላይ ወሰዱ። ምሳ ዕቃ የሚይዝ ሰው ላይ መሳቅ ይቁም። ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቃላችሁ፤ በደረቅ ቀን በእግር እሄዳለሁ ብሎ ያሰላ ሰው ክረምቱን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነው። ስታሰሉ በክረምቱ አስሉ። ሰርቪስ ያለው ቀጣሪ ደግሞ በጥቂት መቶ ብር ከሚበልጥ ግን ሰርቪስ ከሌለው ሊሻል ይችላል።

ኦቨርታይም ላይ የባሰ ነው። በሕጉ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። ጥሩ ይመስላል። 4,500 ብር ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል ግን ሰዓቱ 21 ብር ከ63 ሳንቲም ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ትርፍ ሠርታችሁ የምታገኙት 65 ብር ገደማ፣ ግብር ሲወጣ 52 ብር። አምሽታችሁ ስትወጡ ታክሲው ጠፍቶ ባጃጅ ኮንትራት ከያዛችሁ ያመሻችሁት ለባጃጁ ነው። በበዓል ቀን መሥራት ግን ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

«ላጤ ነኝ፣ ምን ወጪ አለብኝ?»

አለብህ። ላጤ ኪራይን የሚጋራው የለውም፣ ለአንድ ሰው የሚሠራ ወጥም ለሦስት ሰው ከሚሠራው ብዙ አይረክስም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ክፍል የሚፈልግ ተማሪና ሠራተኛ ሞልቷል፤ ከእነሱ ጋር ተሻምተህ ነው። ራቅ ብለህ ብትከራይ የባጃጁ ይጨምራል። ስለዚህ ኪራይና መንገድ አንድ ላይ ተደምረው ይታዩ። አንድ ክፍል ለሁለት መጋራት እንደ ሽንፈት የሚታየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ከየትኛውም የደሞዝ ጭማሪ የበለጠ ብር የሚያተርፈው እሱ ነው።

ለቤተሰብ የሚላከውም አለ። ላጤ ስለሆነ «ምን አለበት» ተብሎ ይጠየቃል፣ እሱም እምቢ ማለት ያፍራል። ዕቁብም አቅሙን ሳይለካ ይገባል። ዕቁብ መግባት ጥሩ ነው፤ ዕቁብ ለመጣል መበደር ግን ዕቁብ አይባልም። መጠኑን ከተረፈው ላይ እንጂ ከደሞዙ ላይ አትቁረጡ።

ደሞዙን ከጥሩ ቀን ገቢ ጋር ማወዳደር

ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት «በቀን 300 ብር አገኛለሁ፣ በወር 9,000 ነው፣ በ4,500 ምን ልሠራ እገባለሁ?» ትላለች። ያቺ 300 የጥሩ ቀን ናት። ከእሷ ላይ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ አልወጣም። ዝናብ ሲጥል ደንበኛ ይበተናል፣ የታመመች ቀን የሚከፍላት የለም። የወሩን ሁሉንም ቀን፣ ባዶውንም ጨምራ መዝግባ ካየች በኋላ ጀበናው ቢበልጥ ይዛው ትቀጥል። በእርግጥም የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ልጇን አጠገቧ ማስቀመጥ ስለምትችል። የቡና መጋዘን ለቀማም እንደዚያው ነው። በወቅቱ ጥሩ ይከፈላል፣ ወቅቱ ሲያልፍ የለም። ለዓመቱ አካፍሉት።

እርግዝና ሲታወቅ ሥራ መልቀቅ

«ከሚያባርሩኝ ራሴ ልውጣ» የሚል ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ፈቃድ አላት። 120 ቀኑ በወር 26 የሥራ ቀን ሲካፈል ከአራት ወር ተኩል በላይ ነው፤ በ4,500 ብር ደሞዝ 20,000 ብር ያልፋል። አሠሪው በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር በእርግዝናዋ ወይም በመውለዷ ሰበብ ሊያሰናብታት አይችልም። ራሷ ከወጣች ግን ይኼ ሁሉ የለም። አባትም ሦስት ተከታታይ ቀን ከደሞዝ ጋር አለው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ጡረታ የማይቆርጥ አሠሪን ማመስገን

«የኛ አለቃ ጥሩ ሰው ነው፣ ጡረታ አይቆርጥብንም» ሲባል እሰማለሁ። በ4,500 ብር ደሞዝ ላይ ከእናንተ የማይቆረጠው 315 ብር ነው። እሱ ለእናንተ መክፈል የነበረበት 11 በመቶ ደግሞ 495 ብር። ማን ማንን እየጠቀመ እንደሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች ይታያል። የጡረታ አበል በ60 ዓመት ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት የአገልግሎት ዘመን ያስፈልጋል፤ ያልተቆረጠበት ዓመት አይቆጠርም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እሱ ሳያልቅ ውሉን በጽሑፍ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ደግሞ በእጃችሁ ጠይቁ።