ናሙናዎቼ አልመደብ ሲሉ

ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ። ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ግሏል። የትልቁ አንጀት ካንሰር የጂን መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው አመዳደብ መሠረት በ4 ንዑስ ዓይነቶች ልከፍል ነበር። የሚመድበው ፕሮግራም ግን ሁሉንም ናሙና «አልተመደበም» አለኝ። ሁለት ቀን ኮዱን ስረግም ዋልኩ።

ጥፋቱ የኔው ነው። ፕሮግራሙ ጂን የሚያውቀው በኢንትሬዝ ቁጥር፣ ማለትም በጂኖች መረጃ ቋት ውስጥ በተሰጠው መለያ ነው፤ እኔ የሰጠሁት በስም። ኬራስ የተባለው ጂን ለሱ 3845 ነው። ቀየርኩ።

ጥቂት ጂኖች ግን ቁጥር አጡ። ሳያቸው ጉድ! ኤክሴል ሴፕት9 የተባለውን ጂን ሴፕቴምበር 9 ቀን መስሎት «9-ሴፕ» አድርጎታል። የሚያናድደው፣ ለዚሁ ካንሰር በደም ምርመራ የሚፈለግ ጂን ነው። ስሙ በኋላ ሴፕቲን9 የተባለውም በዚሁ ጣጣ ነው።

ዋናውን ፋይል ኤክሴል ሳይነካው አስገባሁ፣ ቁጥሮቹን በሎግ2 (በ2 መሠረት ሎጋሪዝም) አስተካከልኩ። ናሙናዎቹ ተመደቡ። ጥቂቶች አሁንም የትም አልገቡም፤ ከአንድ በላይ ንዑስ ዓይነት የተቀላቀለበት ዕጢ ስላለ እሱ ያለ ነው።